ሳንባዎ ከታመመ እግርዎንም ይፈትሹ

አዲስ አበባ፣ ጎፋ ሰፈር ውስጥ፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ ማዞሪያው፣ ከካምፕ እስከ ኮንዶሚኒየሞቹ ድረስ፣ የሳንባ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። አንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ አስም አለበት። ሌላዋ ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ ስትጋግር ኖራ አሁን ደረጃ መውጣት አቅቷታል። ሦስተኛው ቲቢ ተገኝቶበት መድኃኒት ጀምሯል። ጎረቤት ሁሉ ሕመማቸውን ስለሚያውቅ ድንገት ውጋት ሲይዛቸው «ያው የለመደበት ነው» ወይም «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል። ችግሩ የሳንባ ሕመም ሳንባ ላይ ብቻ ተወስኖ አለመቅረቱ ነው። ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ ልብንም ያደክማል። አዲሱ ችግር በአሮጌው ሕመም ስም ስለሚሸፈን ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አዲሱን ከአሮጌው ለመለየትና ከተለየም በኋላ ምን እንደሚደረግ ለማወቅ የሚረዳ ነው።

ደም በደም ሥር ውስጥ እያለ እንዲረጋ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የፍሰቱ መዘግየት፣ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳትና የደሙ ራሱ ለመርጋት መቸኮል። የሕክምናው ዓለም ሦስቱን በጀርመናዊው ሐኪም በሩዶልፍ ፊርኾ ስም ይጠራቸዋል። በሳንባ ሕመምተኛ ላይ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሊገናኙ ይችላሉ። ትንፋሽ ሲያጥር ሰው ይተኛል፤ ሲተኛ ደግሞ የባቱ ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ መግፋት ያቆማል። የሳንባ ምችም ሆነ ቲቢ የሚያስነሣው ብግነት የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን ያውካል፣ ጉበትም ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጋል። በእግር ጥልቅ ደም ሥር ውስጥ የረጋው ደም ሲነቀል በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ውስጥ ይቀረቀራል። ያ ሳንባ ደግሞ ቀድሞውኑ የደከመ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ከተገኘ በኋላ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ ወደ ሕክምና ማዕከልነት ሲቀየር፣ ሕዝቡ በብዛት ይሰማ የነበረው ስለ ኦክስጅን ነው። በዓለም ዙሪያ በጽኑ የታመሙ ሰዎች ደማቸው እንዳይረጋ መርፌ ይወጉ እንደነበር ግን ብዙ አልተነገረም። ኮሮና ጉዳዩን አጉልቶ አሳየው እንጂ ጉዳዩ በእርሱ አልተጀመረም። ቲቢም፣ የሳንባ ምችም፣ በጭስና በሲጋራ የሚመጣው ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ቱቦ ጥበትም፣ የሳንባ ካንሰርም ይህንኑ ያደርጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስለሆነች ነገሩ እኛን በይበልጥ ይመለከታል።

በመጀመሪያ፣ ደኅና የሆኑበትን ቀን ይመዝግቡ

አዲስ ምልክት አዲስ መሆኑ የሚታወቀው የተለመደው ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ሳይብስብዎ አንድ ደብተር ይያዙ። በደኅና ቀን ስንት ደረጃ ወጥተው እንደሚያርፉ፣ በስንት ትራስ እንደሚተኙ፣ ቁጭ ብለው ሳለ የልብ ምትዎ በደቂቃ ስንት እንደሆነ ይጻፉ። የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን በዚያው ገጽ ላይ ያስፍሩ፤ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ከእርስዎ ይልቅ ደብተሩ ሊናገር ይችላልና።

ከዚያ ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ሜትር ይዋሱና የሁለቱን ባት ዙሪያ ይለኩ። ከጉልበት በታች ባለው የአጥንት ጉብታ ጀምረው 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይውረዱና እዚያው ላይ ሜትሩን ያዙሩ። ሁለቱ እግሮች በጥቂቱ ቢለያዩ አይገርምም። አንደኛው ከሌላኛው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወፈረ ግን ሐኪሞች የረጋ ደም መኖሩን ሲገምቱ ከሚቆጥሯቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ይህ ቀላል ልኬት ምንም ወጪ የለውም፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረውም እርሱን ነው።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካለዎት ቁጥሩን ብቻውን አይመኑ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የጤነኛ ሰው ንባብ እንኳ ቆላ ካለው ዝቅ ይላል። የጥፍር ቀለምና ቀዝቃዛ ጣት ንባቡን ያዛቡታል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። እንግዲህ ትልቁ ነገር ከራስዎ የተለመደ ቁጥር መውረዱ ነው። ዘወትር 93 የሚያነበው ሰው 92 ቢያይ አይደንግጥ፤ ተቀምጦ ሳለ 86 ካየ ግን ጊዜ አያጥፋ።

እግር ሲያብጥ፣ ውጋት ሲይዝ

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ሲረግጡት ባቱ ላይ ካመመ ወይም ቆዳው ከቀላ፣ አይታሽ። ይህን ከልቤ አጥብቄ እናገራለሁ። በእኛ ባህል ያበጠ እግር በቅቤ ወይም በቫዝሊን ይታሻል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ ይጎተታል። ወጌሻ ለወለምታ ይረዳ ይሆናል፤ በረጋ ደም ላይ ግን እሽታው የረጋውን ደም ሊነቅለውና ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። ትኩስ ጨርቅ ጠቅልሎ ሦስት ቀን መጠበቅም አይሆንም። በዚያው ቀን ይታዩ። ጤና ጣቢያ ቢጀምሩ እንኳ የሚጠይቁት ነገር ግልጽ ይሁን፤ የእግር ደም ሥር አልትራሳውንድ፣ ማለትም ዶፕለር የሚሠራበት ቦታ እንዲልኩዎ ይጠይቁ።

የደረት ምልክት ከእግሩ የባሰ ያስቸኩላል። የረጋ ደም ሳንባ ላይ ሲያርፍ ትንፋሹ የሚያጥረው ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ነው። አስም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይኖራል፣ ቬንቶሊን ሲሳብም ይለቃል። እዚህ ግን መተንፈሻው ሁለትና ሦስት ጊዜ ተስቦ ለውጥ አይመጣም። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚወጋ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማላብ፣ ዓይን መጭለም፣ ራስን መሳት ሊከተሉ ይችላሉ። ሁሉም ባንድ ላይ ካልመጡ ብለው አይጠብቁ። አንዳንድ ታማሚ ላይ የሚታየው ምክንያቱ ያልታወቀ የትንፋሽ ማጠር ብቻ ነው።

እንዲህ ሲሆን ቤተሰብ ምን ያድርግ? በሽተኛውን እንደሚመቸው ቀና አድርጎ ያስቀምጥ። አያራምደው። ጎፋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ሊፍት የለምና ጎረቤት ጠርታችሁ ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ተሸክማችሁ አውርዱት፤ በእግሩ ደረጃ ማውረድ የደከመ ልቡን ይበልጥ ያስጨንቀዋል። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር 939 ይደውሉ። የጎፋን መንገድ ጠዋትና ማታ የሚያውቅ ሰው መኪናው ሊዘገይ እንደሚችል ያውቃልና፣ አንዱ ሲደውል ሌላው ከሰፈር መኪና ይፈልግ፤ ቀድሞ በተገኘው ይሂዱ። ሪፈር እስኪጻፍ አይጠበቅም። ድንገተኛ ክፍልና ኦክስጅን ወዳለው ሆስፒታል፣ ዘውዲቱ መታሰቢያም ይሁን ጥቁር አንበሳ ወይም ቅርብ ያለ የግል ሆስፒታል፣ በቀጥታ ይሂዱ። ደም የሚያስለው ሰው ላይ በራስ ፈቃድ አስፕሪን አይሰጥም።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ አነጋገርዎ ብዙ ይለውጣል። «አስም አለብኝ፣ ተነሣብኝ» ካሉ በአስም መስመር ይስተናገዳሉ። እንዲህ ይበሉ፦ «የሳንባ ሕመምተኛ ነኝ፤ ይህ ግን የለመድኩት ዓይነት አይደለም። የጀመረኝ ዛሬ ጠዋት በዚህ ሰዓት ነው። ቬንቶሊን አልለቀቀልኝም። ሁለት ሳምንት ተኝቼ ነበር፣ ግራ እግሬም አብጧል። ደም ረግቶ ይሆን?» በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ፣ ከወለዱ፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ከሆነ፣ ረጅም መንገድ ተጉዘው ከመጡ ወይም ከዚህ በፊት ደም ረግቶብዎ ከሆነ ይህንንም ይጨምሩ። ጥያቄ መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም።

ዲዳይመር የሚባል የደም ምርመራ ሊታዘዝልዎ ይችላል። ውጤቱ ዝቅተኛ ሆኖ ሐኪሙም ሥጋቱ አነስተኛ ነው ብሎ ከገመተ የረጋ ደም ላለመኖሩ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከፍ ማለቱ ግን ብቻውን የረጋ ደም አለ ማለት አይደለም፤ ቲቢም፣ የሳንባ ምችም፣ እርግዝናም ያንን ቁጥር ያንሩታል። ቁርጡን የሚናገረው የደም ሥሩን የሚያሳይ መድኃኒት ተወግቶ የሚነሣ የደረት ሲቲ ስካን ነው። ሲቲ ስካን በቶሎ ካልተገኘ የእግር ዶፕለርና የልብ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ሐኪሙን ብዙ ይረዱታል።

ሁለቱም እግሮች ሲያብጡ

ይህ ሌላ ታሪክ ነው፤ ጣቱ የሚቀሰረውም ወደ ልብ ነው። ሳንባ ለዓመታት ሲጎዳ ኦክስጅን ያጣው የሳንባ ደም ሥር ይጠባል። የቀኙ የልብ ክፍል ደም ወደዚያ መግፋት አለበት፤ ቧንቧው በጠበበበት ሕንጻ ውኃ ወደ ላይኛው ፎቅ ሊያደርስ እንደሚታገል ፓምፕ ይደክማል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻም ይለጠጣል። ያን ጊዜ ማታ ማታ ጫማ ይጠባል፣ ቁርጭምጭሚት በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ የአንገት ደም ሥር ይገተራል፣ ሆድ ይነፋል፣ ከንፈር ይጠቁራል። ቲቢያቸውን ጨርሰው «ድኛለሁ» ያሉ ግን ሳንባቸው ጠባሳ የያዘ ሰዎችና በጭስ ውስጥ የኖሩ እናቶች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። የልብ ኢኮ ይጠይቁ፤ ጨው ይቀንሱ፤ ውኃ የሚያሸና መድኃኒት ከጎረቤት አይዋሱ።

ቲቢ በራሱ የልብን ከረጢት ሊይዝና ውኃ ሊያስቋጥር እንደሚችልም ይወቁ። በጀርባ ሲተኙ የሚብስ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ የሚቀል የደረት ሕመም ካለ ይህንንም ኢኮ ያሳያል።

ሄሞግሎቢንዎ ከፍ ብሎ ከተገኘ «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ። ኦክስጅን ለረጅም ጊዜ ሲጎድል ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ አብዝቶ ያመርታል፣ ደሙ ይወፍራል፣ የወፈረ ደም ደግሞ በቀላሉ ይረጋል። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አምባራስ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢን ቆላ ካለው ሕዝብ ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል። እነርሱ በዚያ ከፍታ ደማቸው ካልወፈረ፣ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ጎፋ የሚኖር የሳንባ ሕመምተኛ ደም የወፈረበት ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሳንባ ሕመም ከበረታ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት የልብ ድካምም፣ የልብ ደም ሥር መዘጋትም፣ ስትሮክም የመምጣት ዕድላቸው ይጨምራል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ «ተሻለኝ» ብለው የግፊትና የስኳር መድኃኒትዎን አይተዉ። ደረት መሃል ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ መዛል ከታየ መንገዱ ያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከቬንቶሊን በኋላ ልብ ለጥቂት ደቂቃ ቢመታ የተለመደ ነው፤ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ወይም ምቱ ከተዘበራረቀ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ያስፈልጋል።

በየቀኑ የሚደረገው

የታመመን ሰው ማስተኛት የፍቅር መግለጫችን ነው። ለሳንባ ሕመምተኛ ግን ሐኪም ካልከለከለ በቀር በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ በቤት ውስጥ መንቀሳቀስ፣ ያልቻለም አልጋ ላይ ሆኖ የእግሩን ጣቶች ወደ ራሱና ወደ ፊት ደጋግሞ መዘርጋት ያስፈልገዋል። አራስም እንዲሁ፤ ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ደም ለመርጋት የሚፈጥንባቸው ናቸውና በአራስነት ወግ ከአልጋ እንዳትወርድ አይደረግ። አርባ ምንጭ ወይም ጎንደር ድረስ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው ምሳ ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ይውረድ። ለቅሶ ቤትም ሆነ ጫት ላይ ለሰዓታት እግር አጥፎ መቀመጥ አይስማማም፤ ጫት ደግሞ በተጨማሪ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀጣጠል፣ ቡናው ሲፈላና ዕጣኑ ሲጨስ መስኮት ይከፈት። ሲጋራ በቤትም በሕዝብ ቦታም ለሳንባ ታማሚ ጠላት ነው፤ በአዋጅ 1112/2011 በተዘጉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስ ስለተከለከለ «እዚህ አይጨስ» ለማለት አይፈሩ።

የደም ማቅጠኛ ከተጀመረልዎ

የረጋ ደም ከተገኘ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በሄፓሪን ወይም በኢኖክሳፓሪን መርፌ ተጀምሮ በዋርፋሪን እንክብል ይቀጥላል። ቢያንስ 3 ወር ይወሰዳል፤ ምክንያቱ ካልተወገደ ይረዝማል። ዋርፋሪን ርካሽና ውጤታማ ነው፣ ነገር ግን ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ደም ይፈሳል። ለዚህ ነው አይኤንአር የሚባለው ምርመራ የሚደረገው። ለረጋ ደም ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 ባለው መካከል እንዲቆይ ይፈለጋል። እንክብሉን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይውሰዱ፤ ማታ ማታ ከሆነ ጠዋት ተመርምረው መጠኑ ሲቀየር በዚያው ቀን ለማስተካከል ይመቻል። አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ ደርበው አይዋጡ። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ዋርፋሪንን የሚያዳክም ቫይታሚን ኬ ሞልቶባቸዋል። አትብሉ ማለቴ አይደለም፤ መጠኑ አይዋዥቅ። በፍስክ ወራት ጎመን እምብዛም የማይበላ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ከማዕዱ ላይ ጎመን ካልጠፋ አይኤንአሩ ሊወርድ ይችላል። ፋሲካ ሲሆን ጎመኑ በድንገት ቀርቶ ጠላና አረቄ ሲተካው ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። ስለዚህ ጾም ሲያዝም ሲፈታም ምርመራ ያድርጉ። የረመዳን ጾመኛም የመድኃኒቱን ሰዓት አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

ፋርማሲ ሲገቡ የመጀመሪያው ቃልዎ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይሁን። ለራስ ምታትና ለወገብ የሚሸጠው ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን የጨጓራ መድማት ያስከትላል፤ አስም ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ደግሞ አስሙን ያስነሣል። ለአሜባ ተብሎ የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል፣ ብዙዎች ፍላጂል የሚሉት፣ እንዲሁም ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ኃይል በጣም ይጨምራሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል። «መርፌ ቶሎ ያሽራል» ብለው መቀመጫ ላይ አይወጉ፤ ጡንቻው ውስጥ ደም ሊጠራቀም ይችላል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንት ደም ከመሰለ፣ ነስር 10 ደቂቃ ተጨምቆ ካልቆመ ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ራስ ምታት ከበረታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ትናገር፤ ዋርፋሪን ፅንስ ስለሚጎዳ በመርፌ ይቀየርላታል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቲቢና የረጋ ደም አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ሲሆን ሪፋምፒሲን፣ ሽንትን የሚያቀላው መድኃኒት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን አለ። ሪፋምፒሲን ጉበት ዋርፋሪንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል። ቲቢው ሲጀመር አይኤንአር ይወርዳል፣ ሐኪሙም መጠኑን አንዳንዴ ከሁለት እጥፍ በላይ ይጨምራል። እንደ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ያሉት አዳዲሶቹ እንክብሎችም በሪፋምፒሲን ስለሚዳከሙ ማምለጫ አይሆኑም። ሪፋምፒሲን የእርግዝና መከላከያ እንክብልንም ያዳክማል፤ እንክብሉ ኤስትሮጅን ካለበት በራሱ ደም ያረጋልና ሌላ ዘዴ ይምረጡ።

የቲቢ መድኃኒት የሚሰጥዎ ጤና ጣቢያና ዋርፋሪን የሚከታተልዎ ሆስፒታል ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ስለሆኑ አንዱ የሠራውን ሌላው ላያውቅ ይችላል። በመካከል ያለው ሰው እርስዎ ነዎት፤ ሁለቱንም ካርድ በሁለቱም ቦታ ያሳዩ። ቲቢ ሲጀምሩ በየሳምንቱ አይኤንአር ይለኩ፣ ቁጥሩ እስኪረጋጋ ድረስ። የቲቢ መድኃኒት የሚጨርሱበትን ቀን ከወዲሁ በደብተርዎ ላይ ይጻፉና ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ዋርፋሪን ወደሚከታተልዎ ሐኪም ይሂዱ። ሪፋምፒሲን ከቆመ በኋላ ባሉት ሁለት እስከ አራት ሳምንታት ጉበት ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ የተጨመረው የዋርፋሪን መጠን በዚያው ከቀጠለ ደም ያፈሳል። በእነዚያ ሳምንታት በየሰባት ቀኑ ይመርመሩ፣ መጠኑም ደረጃ በደረጃ ይቀነስልዎ።